መጋረጃ የተሰጣበት አንቴና

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ደህና ቀን። ሬዲዮው ቶሎ ሞቀ፣ የመለኪያው ቀስት ዝቅ ብሎ ተኛልኝ። ደሴ ያለው ዘላለም በሰዓቱ አየር ላይ መጣ። ቴሌግራፍ ቤት አብረን ስንሠራም አርፍዶ አያውቅም።

ከታመመ ወዲህ አንደበቱ ተይዟል። ዓይኑም የስልክ ፊደል አያነብም። ግራ እጁ ግን የሞርስ ቁልፉን እንደ ድሮው ይመታል። ቤቱ ሰው ሞልቶ... ከእኔ በቀር የልቡን የሚሰማለት የለም። ስለ አዲሷ ሐኪሙ ሲያማ ቆየ። መጨረሻ ላይ ሳቀ፦ አራት አጭር፣ ሁለት አጭር። በሞርስ ሳቃችን ይኸው ነው።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ቀስቱ ላይ ወጥቶ ቀረ። የምልከው ኃይል ወደ ራሴ ይመለሳል። እኔ ዘላለምን እሰማዋለሁ፣ እሱ አይሰማኝም። «ኃይሌ አለህ?» ይላል። ደግሞ «አለህ?»... ከዚያ ተወው። ኃይሌ አሞታል፣ ወይ ሰልችቼዋለሁ ብሎ ይሆን? ምሳ አልበላ አለኝ።

መጋቢት 6

ኬብሉን ቀየርኩ። የአንቴናውን ማስተካከያ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ቀስቱ ምንም እንዳልሆነ ዝቅ ብሏል። ታዲያ ትናንት ምን ነካው? አበሳጨኝ።

መጋቢት 8

ዛሬ ደግሞ ቀስቱ ወጣ! ተናድጄ ጣራ ላይ ወጣሁ። የአንቴናው ሽቦ ጫፍ የታሰረው ጎረቤቴ እትዬ ረሂማ ግቢ፣ ማንጎው ላይ ነው። ሽቦው በመጋረጃ ጎብጧል። ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

«ገመዱ ባዶውን ሲውል አየሁት'ኮ። ዒድ ደረሰ፣ ቤቱን ሙሉ እያጠብኩ ነው። ቅዳሜም እዚሁ አስጥቼ ነበር» አሉኝ ከታች።

«እትዬ፣ ገመድ አይደለም! መልእክት ስልክበት ቢነኩት እጅዎን ያቃጥልዎታል።»

«ያ ረቢ! ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

እውነታቸውን ነው። ስንት ዓመት ዛፋቸው ላይ አስሬ... ደንግጫለሁ። አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮስ?

ስለ ዘላለም ነገርኳቸው። በጾም አፋቸው ቆመው ሰሙኝ። «ሲስቅ እንዴት ነው?» አሉ። የአጥሩን ግንብ በጣቴ እየመታሁ አሰማኋቸው።

ከፈረስ መጋላ ገበያ የልብስ ገመድ ገዝቼ ሌላ ቦታ አሰርኩላቸው። ሽቦውን ማንም እንዳይደርስበት ከፍ አደረግሁት። ቅዳሜ ይመጣ ይሆን? ወይስ ተስፋ ቆርጧል?

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ዒድ ትናንት አለፈ። መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ቀስቱ ዝቅ ብሏል። ጠራሁት... ዝም። ደግሜ ጠራሁት።

መጣ! «የት ጠፋህ አንተ ሽማግሌ» አለኝ። እንባዬ መጣ። የመጋረጃውን ነገር ስነግረው ሳቀ፣ አላቆም አለ።

ከግንቡ ማዶ እትዬ ረሂማ፦ «ኃይሌ! ሳቀ አይደል? ወላሂ ለየሁት! ምን ብለኸው ነው?»

«የእርስዎን መጋረጃ ነግሬው።»

ከትከት ብለው ሳቁ። ዘላለም ገና አልሄደም ነበር። የእሳቸውንም ሳቅ ላክሁለት። አራት አጭር፣ ሁለት አጭር።