ኮምፒውተሩን ያንቀራፈፈው

ምሩናል፣

አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ በችኮላ ነው የምጽፈው። ናሺክ ከተማ፣ እናቴ ጋ እየሄድኩ ነው፤ እሑድ እመለሳለሁ። ዳሉ፣ የምስር ወጡ፣ ድስቱ ውስጥ አለ፤ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው።

የጋራ ኮምፒውተራችንን ያንቀራፈፈውን አገኘሁት። «ያንቺ ጨዋታ ነው!» እያልሽ ስትነዘንዢኝ ከርመሽ የለ? ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ዘጋኋቸው። የኔን ጨዋታ ስዘጋ ምንም ለውጥ የለም። የፎቶ ማስቀመጫሽን ስዘጋ ግን እፎይ አለ። ለካ ቀኑን ሙሉ የሰዉን ፊት እያወቀ ፎቶዎችሽን በየስማቸው ሲለይ ነው የሚውለው።

ከፍቼ አየሁት፤ ይቅርታ።

ያቺ አዲሷ ጓደኛሽ አሽሌሻ፣ ስምንት መቶ አርባ ፎቶ። በስድስት ወር! ሻይ ስትጠጣ፣ ስታዛጋ፣ ስኩተሯ ላይ ተኮፍሳ።
አራት ዓመት አብሬሽ የኖርኩት እኔ፣ ዐሥራ አንድ።

ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ፕሮግራሙ አላወቀኝም። ዓምና በቀለም በዓሉ በሆሊ፣ አንቺው ራስሽ ፊቴን በሮዝ ቀለም ለቅልቀሽኝ፣ ሆዳችንን ይዘን እየሳቅን የተነሳነው ነው። ከሥሩ «ይህ ሰው ማን ነው?» ይላል።

መልሱን አልሞላሁትም። ፕሮግራሙንም እንደነበረው ከፍቼዋለሁ፤ ይንቀራፈፍ።

ስሜን አንቺ ጻፊበት።