ጋሽ ነገራ «ኖር» ያሉት ሽማግሌ

ጉለሌ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1974

ውዴ ውባለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔስ ኩራት በኩራት ሆኛለሁ። የቀበሌው ኪነት ለመስከረም ሁለት በዓል ቲያትር እያዘጋጀ ነው፤ የተዋናዮቹን ፊት ልሥራ ብል የአክስቴ ባል ጋሽ ነገራ «ፊት መቀባት ደግሞ ሙያ ነው? ቶለሳን ሽማግሌ አድርገሽ እኔን አባቱን ካታለልሽኝ ቀጥይ፤ ካወቅሁት ግን ቀለምሽን ሰብስቢ» አሉኝ።

እኛ ደሴ ሽማግሌ የምንሠራው ጸጉር ላይ ዱቄት ነስንሰን አይደል? ሰውየው አንዴ ካስነጠሰ መልሶ ጎረምሳ ነው። እዚህ የበግ ጸጉር ከሸጎሌ የከብት ገበያ አምጥቼ፣ አጥቤ አበጥሬ፣ ቶለሳ አገጭ ላይ በሙጫ ለጠፍኩት። የግንባሩን መጨማደድ በተቃጠለ የጠርሙስ ቡሽ ሣልኩት።

ትናንት ከሰዓት ቶለሳ ከዘራ ተደግፎ፣ እያሳለ ቤት ገባ። ጋሽ ነገራ ብድግ ብለው «ኖር» አሉ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው «በእግዜር» ብሎ ወንበራቸው ላይ ተደላደለ። እሳቸው እንደቆሙ «አባቴ፣ ከየት መጡ?» ሲሉ አክስቴ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ጋሽ ነገራ ጢሙን ነካ ነካ አደረጉና «በቃ ቀጥይ» አሉኝ። «ግን ግንባሩን አበዛሽው፤ እንዲህ የተጨማደደ ሰው የት አይተሽ ነው?»

እሳቸው ጋዜጣ ሲያነቡ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ ነበር የቀዳሁት። አልነገርኳቸውም።

የአሥራ ሁለቱም ተዋናዮች ፊት አሁን የእኔ ነው። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ የእትዬ አስቻለችን ጉንጭ ስሚልኝ፣ ለሰፈር ልጆችም አውሪላቸው።

የሺሀረግ