ማንም ሳይሞት ስለተለቀሰበት ቀይ ልብስ

ጥር 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገዳሙ፣ የወረዳችን ባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ወንበርዎ፣ ቢሮዎ፣ በተለይም ቀንና ሌት የማይለይዎት ስልክዎ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ በሕይወትም አለሁ። ይህችን ሁለተኛዋን ለምን ለይቼ እንደጻፍኳት ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱታል።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። የማታ ትምህርቱን ዘንድሮ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ ያን ቀን መነጽሩን ረስቶ ነበር የሚሉ ምቀኞች ናቸው። እንግዲህ በፌስቡክ ገጽዎ የሚያወጡትን ሁሉ ያለ አስነባቢ የማነብ ሰው ሆኛለሁና፣ ይህ እርስዎንም ደስ እንደሚያሰኝዎት አልጠራጠርም። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. ልጄ አይናዲስ በዚህ ጥር መጨረሻ ትዳራለች። የህንድ ሙሽሮች የወርቅ ጥለት ባለው ቀይ ሐር ተሞሽረው በፌስቡክ አይታ፣ እንደነሱ ሆና ፎቶ ልትነሣ ከደብረ ማርቆስ ሳሪ ተከራየች። ፎቶውን ለጓደኞቿ ብትለጥፈው፣ እርስዎ ከዚያ አንሥተው «ባህላችንን እናድን!» ከሚል ጽሑፍ ጋር በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ አወጡት። ልጄን በነጻ ስላስተዋወቁልኝ አመሰግናለሁ። «እናድን» የምትለዋን ቃል ግን ደጋግሜ ባነባት፣ ማዳንዎ ይሁን ማደንዎ ሊለይልኝ አልቻለም። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ከጓዳ አለመውጣቷን ሳይ ግን ወደ አደኑ አደላለሁ።

፪ኛ. እንደሚያውቁት (ማወቅ ሥራዎ ስለሆነ ነው እንደሚያውቁት ያልኩት) በእኛ አገር ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ ካወጣችው ሐዘን ላይ ናት። የህንድ ሙሽራ ግን የሳሪዋን ጥለት በራሷ ላይ አድርጋ ፊቷን የምትከብበው ለደስታዋ ነው። ያ ፎቶ በሰው ስልክ ዲማ ድረስ ሄደ። እዚያ የምትኖረው፣ ፊደል ያልቆጠረችው እህቴ ያለምወርቅ ጽሑፉን የት አውቃው፤ ያየችው ጥለቱን ነው። «ሙሽራ ያዘቀዘቀችው አባቷ ቢሞት ነው!» ብላ ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ ደረቷን እየደቃች ከተፍ አለች። የገዛ ለቀስተኞቼን ደጅ ወጥቼ የተቀበልኩ እኔ ነኝ። እህቴ ስታየኝ ጮኸች፤ ትንፋሿ ሲመለስ «አንተ ሳትሞት ነው ይህን ሁሉ አገር ያስለቀስከኝ?» ብላ ተቆጣችኝ። ምን ላድርግ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለ እኔ የደረደረችውን ሙሾ ግን እንደገና አስባልኳት፤ ያን ያህል ጀግና መሆኔን እኔም አላውቅም ነበር።

፫ኛ. ይህኛው ሳቅ የለበትም። ፎቶው ደብረ ኤልያስ ከሙሽራው አባት ከአያ አበረ ደረሰ። እሳቸውም ጨዋ ሰው ናቸውና «ለሟቹ ክብር ሲባል ሠርጉ ከተዝካሩ በኋላ ይሁን» ብለው ላኩ። እኔ ራሴ ሄድኩ። ትከሻዬን ዳብሰው፣ አቅፈው ሳሙኝና «አንተስ ተርፈሃል፤ ታዲያ የደበቃችሁኝ ሟች ማን ነው?» አሉኝ። የህንድ የሠርግ ልብስ ነው ብላቸው «ለሠርግ የሚያዘቀዝቅ አገር ደግሞ የት አለ? መንግሥትስ በከንቱ ፎቶ ያወጣል?» ብለው አዘኑብኝ። ጥር ካለፈ ጾሙ ይመጣል። ጠላው ተጠምቋል፤ ልጄ ታለቅሳለች፤ እናቷም ሠርግ ይሁን ተዝካር የምትደግሰው አላወቀችም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ፎቶውን እንዲያወርዱና ደብረ ኤልያስ አብረውኝ ወርደው ከቤቴ ማንም አለመሞቱን ለአያ አበረ በአንደበትዎ እንዲነግሩልኝ ነው። ማኅተሙንም ይያዙ፤ ወረቀት ካጠረ ግንባሬ ላይ ይምቱት። ለመኪናው ነዳጅ የለም የሚሉ ከሆነ በቅሎዬ ተጭና ትጠብቅዎታለች፤ ባህላዊ ናት፣ ቅር አይበልዎ።

ባህላችንን ከመቀመጫዎ ንቅንቅ ሳይሉ ስለሚጠብቁልን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የማታው ክፍል አንደኛ፣ ከነቤተሰቡ በሕይወት ያለው
አንሙት አካለ ወልድ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ሳሪው ለፎቶ ብቻ ነበር፤ በማግሥቱ ተመልሷል። ልጄ ለሠርጓ የምትለብሰው እናቷ ክረምቱን ሙሉ ፈትላ ያሠራችላትን ነጭ ቀሚስ ነው። ይህን ለማወቅ ስልክ ባላስፈለገዎት፤ ቀሚሱ ታጥቦ የተሰጣበት አጥራችን ከቢሮዎ መስኮት ፊት ለፊት ነው።