ዋና የቻለ ወጣ

ለውድ ወንድሜ ለሙሀመድኑር፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ወንድምዓለም፣ ጤናህ እንዴት ነው? የጂዳ ሙቀት በረድ አለልህ? ያ ወገብህስ ተሻለው? እናታችን አጠገቤ ቁጭ ብላ «ፈያ ነህ ወይ፣ ደህና ነህ ወይ በይው፣ እህል ይበላል ወይ በይው» እያለች ትጎተጉተኛለች። ደግነቱ ማንበብ አትችልም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ ቆመን እንሄዳለን ለማለት ነው እንጂ፣ እኔስ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ከባለቤቴ ከበድሩ ኪስ ስለማይወጣ ነው። ይህን ለዑምራ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬልሃለሁ፤ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

በድሩ ዋናተኛ ሆኗል ብልህ ትስቃለህ። እኔም ስቄ ነበር። ሐይቅ ከተማ ላይ የአዋቂዎች የዋና ውድድር ሊደረግ ነው፣ ዕድሜ አይጠየቅም፣ ፈጣንና ዘገምተኛ አይለይም፣ ዳር የደረሰ ሁሉ ይጨበጨብለታል ተብሎ ተለፈፈ። ከከሚሴ መጀመሪያ የተመዘገቡት ጡረተኛው አስተማሪ ጋሽ ይግዛው ናቸው፤ በዚያ ቦርጫቸው! በድሩ ተከተላቸው። ከዚያ ወዲህ ማሽላው ታጭዶ ሳይከመር እሱ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ነው። ሰው «የዘይቱና ባል ዓሣ ሆነ» እያለ ሲቀልድብኝ፣ ጫት ላይ ከሚውል ይሻላል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥር ላይ ልጃችንን ሳሚያን ይዤ ሐይቅ ድረስ ሄድኩ። ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ታስረው ውሃው ላይ ተዘርግተዋል። ጢሙ የሸበተ አለ፣ ከደሴ የመጣች የልጆች እናት አለች፣ አንድ እግሩ የተቆረጠ የቀድሞ ወታደርም አለ። ሁሉም ቀለል ያለ ልብስ ለብሶ ሲገባ፣ በድሩ ረጅም ሱሪውንና ጃኬቱን እንደለበሰ፣ የፕላስቲክ ጫማውን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ተሳቀበት። እሱ ግን ሁሉንም ቀድሞ ዳር ደረሰና አልወጣም፤ ዞሮ እንደገና ዋኘ። ሰዉ ጉራ መስሎት አጨበጨበ፤ ሳሚያም «አባዬ! አባዬ!» እያለች ዘለለች። ጋሽ ይግዛው የሁሉ መጨረሻ ሆነው እያለከለኩ ሲወጡ ጭብጨባው ከበድሩም በለጠ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋሽ ይግዛው ጠጋ ብለው፣ ባልሽ ሁልጊዜ ጨው ውሃ ሰው ያንሳፍፋል ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ ከሚሴ ላይ ጨው ውሃ ከየት ሊያገኝ ነው አሉኝ። ለጨዋታ ነው ያሉት። በሬያችንን ሰንበቴ ገበያ ወስዶ ለምን እንደሸጠው ያኔ ገባኝ።

ቤት ገብተን ስጠይቀው አልደበቀኝም። ደላላ አናግሯል፤ በጅቡቲ አድርጎ በጀልባ ወደ የመን ነው። ብለምነው፣ ባለቅስ፣ አንተን ነው የጠራብኝ። ያኔ እናንተን የጫነችው ጀልባ ከዳር ርቃ ባሕር ላይ ስታራግፋችሁ «ዋና የቻለ ወጣ፣ ያልቻለ ቀረ» ብለህ በስልክ የነገርከን ቀን እሱ አጠገቤ ነበር። እኛ ስናለቅስ እሱ ለካ ምክር አድርጎ ይዞታል።

ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፣ አትቆጣኝ። ጓደኛህ ዩሱፍ ዋና አይችልም ነበር? ቦርከና ሲሞላ ሰው የሚያሻግረው እሱ አልነበረም? አንተን ራስህን ዋና ያስተማረህ እሱ አይደለም? አብራችሁ ከዚህ ወጣችሁ፣ አብራችሁ ተሳፈራችሁ። በረሃ ላይ ፍየል ይጠብቃል፣ ስልክ አይዝለትም ካልከን ስንት ጊዜ ሆነ! እናቱ እትዬ ዘሃራ ይህችን ቃልህን ይዘው ነው የሚኖሩት። ለምን እንዲህ እንዳልክ ይገባኛል፤ አልፈርድብህም። ግን በድሩ የሚሰማው አንተን ብቻ ነው። እውነቱን፣ ዋና የቻለም እንዳልወጣ ከነገርከው፣ ከመንገዱ ይቀራል። ከነገርከው ደግሞ ወሬው ከእሱ አፍ ወጥቶ እትዬ ዘሃራ ደጅ መድረሱ አይቀርም። ሌሊቱን ሁሉ ይህንን ሳገላብጥ ነው የማድረው። ለልጄ አባት ስል ጨካኝ ሆኛለሁ መሰለኝ፤ ደውልለት። ደላላው የቀጠረው በዚህ ወር መጨረሻ ነው።

እናታችን ከዱዓዋ አትለይህም። ሳሚያ ጉልበትህን ትስማለች። በድሩ ይህን መጻፌን ባያውቅም ሰላም ሳይልህ የዋለበት ቀን የለም። እትዬ ዘሃራ ወደ አንተ ሰው እንደሚሄድ ሰምተው አሁን መጥተዋል፤ በሩ ላይ ቆመዋል። ዩሱፍን ስታገኘው እናትህ ደህና ናት በለው፣ ብርድ ስለማይችል ሌሊት ደራርቦ እንዲተኛ ንገረው ብለውሃል። እንዳሉኝ ጽፌዋለሁ።

እህትህ ዘይቱና
ከሚሴ፣ የካቲት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.