አድባራችንን በክብር ስለሸኙልን

ለክቡር ኩን ቲራፖን
በባሕር ዳርቻ ኩሬ አራቢዎች የጋራ መድን ማኅበር የስጋት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

(የዚህ ደብዳቤ ቅጂ በክሎንግ ሳሜ መቅደስ አዳራሽ በር፣ በሽሪምፕ ገበያው ሚዛን ቤትና በበረዶ ሻጩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንዴት ሰነበቱ? ሆድዎ፣ ወገብዎ፣ እንቅልፍዎ ደህና ነው? በተለይ እንቅልፍዎን አጥብቄ መጠየቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ እንደ እርስዎ ያለ ብዙ ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ለጥ ብሎ እንደሚያድር ከሾፌርዎ ሰምቼ እጅግ ስለተደነቅሁ ነው። ክቡር ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የኩሬዬ ጭቃ ያበላሸው ጫማዎም ሳይቀር ሰላም እንዲሆኑ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ማለቴ፣ የቀረነው ደህና ነን።

እኔ ከድልድዩ ማዶ ሦስት የሽሪምፕ ኩሬ ያለኝ ላምቺያክ ነኝ። የተራ ሰው ስም ሁሉ በአእምሮ መያዝ ለትልቅ ሰው እንደሚከብድ ስለማውቅ ላስታውስዎ፤ ሻይ ባቀረብኩልዎ ጊዜ «ስኳር አብዝተሻል» ብለው የገሠጹኝ ሴትዮ ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ በሦስተኛው ኩሬዬ ላይ ስለሞተው ሠራተኛዬ ስለ ናይ ኦንግሞን በጻፉት ሪፖርት ውስጥ ያለች አንዲት ቃል እንድትሰረዝልኝ ለመለመን ነው። ቃሏ «ቸልተኝነት» የምትለው ናት። በዚህ ወር መጨረሻ በመቅደሱ ከሚደረገው የሟቹ መታሰቢያ በፊት ካልተሰረዘች የሚመጣውን ጉድ ወደ ታች እነግርዎታለሁ። ነገር ግን ሳያመሰግኑ መለመን በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን አስቀድሜ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ግቢዬን ስለመረመሩበት ትጋት ከልብ አመሰግናለሁ። ውሻዬ የአንገት ማሰሪያ እንደሌላት፣ የኮኮናት ዛፍ ፍሬ ሊወድቅ እንደሚችል፣ የልብስ ማስጫዬ ገመድ የረጅም ሰው አንገት ሊይዝ እንደሚችል አንድ በአንድ መዝግበዋል። ኮኮናት እንደሚወድቅ እርስዎ እስኪመጡ ድረስ አናውቅም ነበር ብል መዋሸት ይሆንብኛል፤ እንዲህ በማኅተም የተረጋገጠ መሆኑን ግን አናውቅም ነበር። በዚያው ቀን ከሦስተኛው ኩሬ ዳር በቆመው የመብራት ምሰሶ አጠገብ እየተመላለሱ ሲያልፉ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ የብረት ምሰሶ የማኅበሩ ንብረት ነው፤ ሽቦው በጨው ተበልቶ ከብረቱ ጋር ተጋብቷል፤ ኮረንቲ አለበት፤ እኛ እንዳንነካው ደንባችሁ ይከለክላል፤ እናንተ ደግሞ ተራ ጠብቂ ትሉኛላችሁ፤ ሰው ሳያልቅ አንድ በሉኝ» ብዬ ብለማመጥዎ፣ «እትዬ፣ ኮረንቲ የቴክኒክ ክፍል ጉዳይ ነው፤ እኔ የመጣሁት ለሚታይ ስጋት ነው» ሲሉ በትዕግሥት አስረዱኝ። እውነትም ኮረንቲ አይታይም። መብራቱን ላጥፋው ብል ደግሞ ውሃውን የሚመቱት መቅዘፊያ ሞተሮች ይቆማሉ፣ ሽሪምፖቹ ታፍነው ያልቃሉ፤ ሽሪምፖቹ ደግሞ በእናንተ ዘንድ መድን ያላቸው የተከበሩ ፍጡራን ናቸው።

ሁለተኛ። ይኸኛው ምስጋና ረዘም ስለሚል ወንበር ስበው ይቀመጡ።

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት፣ ተራችንን ስንጠብቅ ሰው እንዳይሞትብን እኔ አላዋቂዋ የአገሬው ሰው የሚያውቀውን አደረግሁ። ምሰሶው ላይ ሮዝ፣ ቢጫና ሰማያዊ ጨርቅ አሰርኩበት፣ ከሥሩ የአበባ ጉንጉንና አንድ ቀይ ለስላሳ ከነመምጠጫው አስቀመጥኩ፣ «አድባር አለበት» ብዬም አስወራሁ። ከበርማ ተሻግረው የመጡት ሠራተኞቼ የእኛን ፊደል አያነቡም፤ ጨርቅ ግን ያነባሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ሲደርሱ እጅ ነስተው ራቅ ብለው ይዞራሉ። ሰካራሙ እንኳ ይዞራል። ናይ ኦንግሞን ጨዋታ ወዳጅ ስለነበር፣ «አክስቴ፣ በዚህ ግቢ ሥራ ሳይሠራ ለስላሳ የሚጠጣ እሱ ብቻ ነው፤ እኔም ጨርቅ ልታጠቅ እንዴ?» እያለ ያስቀን ነበር፤ እኔም «ዝም በል፣ ይሰማሃል» እለው ነበር። ቀልዱ ቀልድ ነው እንጂ እጁን ሰዶ አያውቅም።

እርስዎ ግን የሚታይ ስጋት ለመፈለግ መጥተው ነበርና ጨርቁ ታየዎት። «ተቀጣጣይ ጨርቅ፣ በተጨማሪም መሠረት የሌለውን እምነት የሚያበረታታ» ብለው ጻፉ፤ አሁኑኑ እንዲነሳም አዘዙ። ሠራተኞቼ አንነካም አሉ። እኔም አልነካም አልኩ። ሾፌርዎ ኩን ዴንግ፣ «ጌታዬ፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ቆለፈ። በዚህ ጊዜ ጀግንነትዎ ተነሣና መቀስ አምጡልኝ አሉ፤ መቀሱም መጣ፤ ያዙት፤ ቆሙ። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ከግንባርዎ የወረደውን ላብ ያየነው ሁላችን በሙቀቱ አመካኝተንልዎታል። ቆይተው መቀሱን መለሱና፣ «ለሠራተኞቹ ስሜት ሲባል በወጉ ቢሸኝ ይሻላል» ብለው አድባር የሚያናግረውን ሽማግሌ ቹምን አስጠሩ።

ሽማግሌው መጣ፣ ዕጣን ለኮሰ፣ ለመነ፣ ተማጠነ። እርስዎም ጫማዎን አውልቀው፣ መዳፍዎን ገጥመው ከግንባርዎ በላይ አንሥተው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ከጎኑ ተንበረከኩ። መሠረት ለሌለው እምነት እንዲህ ያለ ቁም ነገረኛ ጉልበት አይቼ አላውቅም! ቹም ጨርቁን በረጅም ደረቅ ቀርከሃ ሳብ አድርጎ አወረደው። ናይ ኦንግሞን በተሰባበረ ቋንቋው፣ «ሄደ ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅዎ ደግሞ ፈገግ ብለው ትከሻውን ቸብ አደረጉና፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሄዷል። ከእንግዲህ እዚህ የምትፈሩት ነገር የለም» አሉት።

ይህንን ቃልዎን ደግሜ አመሰግናለሁ። ሰውዬው አገራችን ከገባ ጀምሮ አንድ ባለሥልጣን «ወንድሜ» ሲለው የመጀመሪያው ነበርና ቀኑን ሙሉ ሲኮራ ዋለ። ደግሞም አመነዎት። ምን ያድርግ? እኛ ዘንድ አድባር በወጉ ከተሸኘ ቦታው ንጹሕ ነው ማለት ነው፤ የሸኘው ደግሞ ከባንኮክ የመጣ ትልቅ ሰው ነው። እኔማ ኋላ፣ «ኧረ ተው፣ አድባሩ ቢሄድ ኮረንቲው አልሄደም፣ እንዳትነካው!» እያልኩ ለፈለፍኩ። «አክስቴ ደግሞ! ትልቁ ሰውዬ ተንበርክኮ ሸኝቶት የለ? አንቺ ከሱ ልትበልጪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። አይ፣ ከእርስዎ እንዴት እበልጣለሁ።

ሦስተኛ። በጨርቁ ፈንታ በዚያው ዕለት ከምሰሶው አጠገብ ስላስተከሉልን ነጭ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አመሰግናለሁ። ጽሑፉ ግሩም ነው፤ በእኛም ቋንቋ በእንግሊዝኛም ተጽፏል። በግቢዬ ውስጥ በበርማ ፊደል ካልሆነ የማያነቡ ሰዎች መኖራቸውን በመዝገብዎ ላይ ራስዎ ሞልተዋል፤ እንግሊዝኛው ምናልባት ለሽሪምፖቹ ታስቦ ይሆናል፣ እነሱ ውጭ አገር ስለሚሄዱ። ሰሌዳውን ከፊት፣ ከጎንም ፎቶ አነሱት፤ ከሥሩም «ስጋቱ ተወግዷል» ብለው ፈረሙበት።

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ ያካፋ ነበር። ናይ ኦንግሞን የመኖውን ትሪ ከውሃው ሊያወጣ ጎንበስ አለና፣ ጭቃው እንዳያንሸራትተው ያንን የተሸኘ ምሰሶ ደገፍ አለ። ኮረንቲው አልለቀቀውም። እኔ በእንጨት መትቼ ሳስለቅቀው ነገር አልቆ ነበር። ሚስቱ ሚ ቶው ከማዶ እየሮጠች መጥታ ጭቃው ላይ ተደፋችበት። ስለዚህ ጉዳይ ቀልድ የለኝም።

አራተኛ። ለቀብሩ ስለላኩት የአበባ ጉንጉን አመሰግናለሁ። «ደህንነትዎ ደስታችን ነው» የሚለው ሪባን ሬሳው ራስጌ በጣም አምሮ ነበር።

አምስተኛ። ሪፖርቱን ስለጻፉልን አመሰግናለሁ፤ እነሆ ከልመናዬ ደረስኩ። «ሟች በግልጽ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ባለማክበር፣ በራሱ ቸልተኝነት ሕይወቱ አልፏል። በሽሪምፖቹ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» ይላል። ስለ ቹም፣ ስለ ዕጣኑ፣ ስለ ጉልበትዎ አንዲት ቃል የለም። ቢሮዎ መጥቼ ብጠይቅዎ፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት አላየሁም» ብለው ማሉ። እውነትዎን ነው፤ ዓይንዎን ጨፍነው ነበር።

የሪፖርቱን አንድ ቅጂ፣ ወርቃማ ማኅተም ያለበትን፣ ለሚ ቶው ልከውላታል። ደግ አደረጉ። እሷም ማንበብ ስለማትችል፣ ወርቅ የተቀባ ወረቀት ደግሞ ክፉ ነገር ይዞ ይመጣል ብላ ስለማታስብ፣ የምስጋና ወረቀት ነው ብላ ከባሏ ፎቶ ጎን አቁማዋለች። ጠዋት ጠዋት ሩዝና ውሃ ታቀርባለች፣ ለፎቶው ትሰግዳለች፣ ቀጥላ ለእርስዎ ወረቀት ትሰግዳለች። «አክስቴ፣ ትልቁ ሰውዬ ስለ ባሌ ምን ብሎ ጻፈ? እስቲ አንብቢልኝ» ትለኛለች። መነጽሬ ጠፋ አልኳት። ዓይኔን አመመኝ አልኳት። ውሸቴ ሲያልቅብኝ በወዲያኛው መንገድ መዞር ጀመርኩ። ለካ እሷ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ በመታሰቢያው ቀን ሪፖርቱ በመነኮሳቱ ፊት፣ አብረውት በሠሩት ሁሉ ፊት፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲነበብ የመቅደሱን አለቃ ለምናለች። ከአገር ቤት የሟቹ እናትም ልጇ ሲመሰገን ልትሰማ ድንበር አቋርጣ እየመጣች ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እርስዎ ግን ሞኝ አይደሉም፣ ወረቀቱም የእርስዎ ነው። ቃሏን ይሰርዟት። «ነገርኩት፣ አመነኝ፣ ሞተ» ብለው ቢጽፉ ደግሞ ከሪፖርትዎ ሁሉ አጭሩና እውነተኛው ይሆን ነበር፤ ግን ይህን ያህል አልጠይቅም። ቃሏን ብቻ።

መሰረዙ የማይቻል ከሆነ ደግሞ፣ በዚህ አካባቢ እንደ እርስዎ አጥርቶ የሚያነብ ስለሌለ፣ መጥተው እንዲያነቡልን በአክብሮት ጋብዘንዎታል። ወንበርዎ ከእናቱና ከሚስቱ መካከል ነው። ምን እንደሚነበብ እስከዚያች ሰዓት ማንም አይነግራቸውም። ከቃሏ ሲደርሱ ጉሮሮዎ ቢደርቅ ውሃ እናቀርባለን፤ ሊዘሏት ቢሞክሩ እኔ ከኋላ ቆሜ አስታውስዎታለሁ።

ቀላል ኑሮ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ከዚህም ከፍ ያለ ሹመት እየተመኘሁልዎ፣ ኮኮናት ያልወደቀባት፣ ገመድም አንገቷን ያልያዛት፣ ምንጊዜም በትሕትና እጅ የምትነሳዎ ታናሽ አገልጋይዎ፣

ላምቺያክ
የሦስት ኩሬ ባለቤት፣ ክሎንግ ሳሜ

ማስታወሻ፦ ምሰሶው እስከ ዛሬ ተራውን እየጠበቀ ነው። ሠራተኞቹ ዳግም እንዳይቀርቡት የናይ ኦንግሞንን ሸሚዝ፣ ያን ዕለት የለበሰውን፣ አስሬበታለሁ። ተቀጣጣይ ጨርቅ ነው፤ ደንብ መጣሴን አውቃለሁ። መጥተው በእጅዎ ይፍቱት። መብራት አለ።