ሳትጨርሰው የሄድከው ጢም

ይድረስ ለመኩሪያዬ፣

እጄ ለምዶ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር ነበር። ከተለያየን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሆነን፤ እስከዛሬ አንድም ቀን ጽፌልህ አላውቅም። የምልህ አጥቼ አይደለም፣ ባዶ እጄን ፊትህ መቅረብ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን ይዤልህ የመጣሁት ነገር አለ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ስትሄድ በሆዴ የነበረችው ሴት ሆነች። ወንድምህ «ወንድ ቢሆን ደምመላሽ እንለው ነበር» ብሎ ቅር አለው። እኔ ሰናይት አልኳት። አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ናት፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በተላከልኝ ፎቶ ላይ አፏን ግጥም አድርጋ ነው የተነሳችው። ይሄ ኩራቷ ያንተ ነው። እኔ ሮም ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። ሲኞራዬ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ የራሴ ናቸው።

ጳጉሜ በመጣ ቁጥር በጠዋት ቀስቅሼ ዝናብ ላይ ሳቆምህ ትዝ ይልሃል? ጥርስህ እየተንገጫገጨ «ለመሆኑ ሩፋኤል ሙቅ ውሃ አይባርክም?» ትለኝ ነበር። እኔም ጣሳውን ሞልቼ አናትህ ላይ እደፋብሃለሁ። እዚህ ዝናብም የለም፣ ጳጉሜም የለም። እኛ እዚህ ያለን የሩፋኤል ማኅበርተኞች ግን አንረሳውም። የማኅበራችን እናት እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ ሮም ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ዘንድሮ የሩፋኤል ዕለት እሑድ ሲውልልን «አሎራ፣ እንግዲህ ዘንድሮስ በባኞ ቤት ቧንቧ አንጠመቅም!» አሉ። ከሮም በስተደቡብ ባሕሩ ዳር መንግሥት የከለለው ፓርክ አለ፣ እዚያ ከገደል ወርዶ ወደ ባሕሩ የሚገባ ፏፏቴ ሲኞራቸው አንድ ጊዜ አሳይታቸዋለች። በሩፋኤል ዕለት ከላይ የሚወርድ ውሃ፣ እኛ ሌላ ምን እንበለው? ጸበል ነው አልንና አውቶቡስ ተከራይተን ሄድን።

አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ወንድ ያወራል። ዳንኤል የሚባል አዲስ ስደተኛ ነው ብለውኛል፣ ፊቱን አላየሁትም። ደርግ እንዴት እንደያዘው ለሴቶቹ ይተርካል። «እሑድ ጠዋት ነው። መስኮቱ ላይ መስተዋት ሰቅዬ ጢሜን እላጫለሁ። ግማሹን እንደላጨሁ ሦስት ሆነው ገቡ። ልጨርስ ብላቸው፣ ስትመለስ ትጨርሰዋለህ አሉኝ።» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡለት። እኔ ሳልዞር ድምፁን ለየሁት።

«ስትመለስ ትጨርሰዋለህ» ያለህን ሰው ታውቀዋለህ። የጎረቤታችን ልጅ ደምሴ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደክሞህ እንኳን ሒሳብ ያስጠናኸው፣ ከማዕዳችን የበላው ደምሴ። ሁለቱ ወታደሮች ቃል አልተናገሩም። በር ያሳያቸው እሱ፣ «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ያለህ እሱ። አንቱ ሲልህ የኖረው ልጅ የዚያን ዕለት አንተ አለህ። በአራተኛው ቀን መንገድ ዳር ተጥለህ ሳገኝህ አንዱ ጉንጭህ እንደተላጨ፣ ሌላው እንዳልተላጨ ነበር። ቆሜ እንዳላይህ የሚያዩኝ ነበሩና አይቼህ አለፍኩ። ማልቀስ ክልክል ነው፣ ጥቁር መልበስ ክልክል ነው ተባልኩ። ሆዴ ገፍቶ፣ ነጭ ለብሼ፣ ሱቅ ሄጄ ጨው ገዛሁ።

ነፍስህን መውሰዱ አልበቃውም መኩሪያዬ። አሟሟትህንም ሰርቆ፣ ስሙን ዳንኤል ብሎ ተሰደደበት። የስደተኞችን ጉዳይ የሚያየው ኮሚሲዮኔ ፊት ሲቀርብ የሚናገረውን በእኛ ላይ እየተለማመደ ነበር።

ፓርኩ ስንደርስ ከአውቶቡሱ ሲወርድ አየሁት። ወፍሯል፣ መነጽርም አድርጓል፤ እሱ ግን አላየኝም። ጥዶቹን አልፈን ገደሉ ላይ ወጣን። ፏፏቴው የበጋው ድርቅ አቅጥኖት ወርዱ ከአንድ የግቢ በር አይበልጥም፤ ቢሆንም ያምራል። ባሕሩ ወዲያ ተዘርግቷል፣ ውሃው ደግሞ ከእግራችን ሥር ተነስቶ ቁልቁል ዓለቱ ላይ ይፈርጣል። ሌሎቹ ለመጠመቅ ሲወርዱ እሱ ብቻውን ቀረና የእንጨቱን አጥር ተደግፎ ባሕሩን ያይ ጀመር። አጥሩ እስከ ጉልበቱ ነው፣ መሬቱም እርጥብ ነው። ከኋላው ቆምኩ። የሚያየን ሰው የለም። እጄን ዘረጋሁ፣ አልዋሽህም፣ የሸሚዙ ጨርቅ ጣቴን ነክቶታል።

ያቆመኝ ፈሪሃ እግዚአብሔር እንዳይመስልህ። አንድ ነገር ታየኝ። እዚያ ወድቆ ቢሞት እነዚህ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ «ምስኪን ዳንኤል፣ ጢሙን ሳይጨርስ ያንገላቱት» እያሉ ሊያለቅሱለት ነው። ያንተን ሞት ይዞ ሊቀበር ነው። እጄን መለስኩና ወረድኩ።

ከታች ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን ውሃው ሥር ገብተዋል። መዋኘት ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ እትዬ ብዙነሽ ልብሳቸውን ሰቅለውበታል። እሱም መጣና ሸሚዙን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ውሃው ሥር ቆመ። እኔ ውሃው ውስጥ ገብቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። በበዓል ቀን ነጠላ ሳዘቀዝቅ ሲያዩ ሴቶቹ ወደኔ ዞሩ። ከዚያ ሰባት ዓመት የያዝኩትን ለቀቅሁት።

«ጢሙን ሳይጨርሰው ከደጅ የወሰደው፣
እነሆ ደምሴ ጸበል የወረደው!»

ሙሾ የምታወርድን ሴት ዝም በይ የሚል እንደሌለ ታውቃለህ። የሰማ ሁሉ መቀመጥና ማልቀስ ነው ያለበት። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጡልኝ፣ ማን እንደሞተ ሳያውቁ እንባቸውን ያፈሱልኝ ጀመር። ስምህን ጠራሁ፣ መምህርነትህን አወጣሁ፣ የተላጨውን ጉንጭህንና ያልተላጨውን ለየሁ። እሱ ዓይኑን ገለጠ። አወቀኝ። «እትዬ ፀዳለ፣ ታዝዤ ነው» አለ። ሴቶቹ ከዚህ በኋላ ሌላ ምስክር አልፈለጉም።

የፓርኩ ዘበኛ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ነጭ የለበሱ ሴቶች ውሃ ዳር ተቀምጠው ሲያለቅሱ ሲያይ ሰው የሰጠመ መስሎታል። ጫማውን እየፈታ «ማነው የሞተው? የት ገባ?» ይላል። እትዬ ብዙነሽ በጣልያንኛ «ባሏ ነው» አሉት። «መቼ?» «ሰባት ዓመት አለፈው።» ሰውዬው አንድ እግር ጫማውን እንደያዘ እኔን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ውሃውን አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና ጨርሰን እስክንነሳ ድረስ ራቅ ብሎ ቆመ። ይኸውልህ፣ በመንግሥት ትእዛዝ ያልተለቀሰልህ ሰው፣ በለቅሶህ ላይ የመንግሥት ሰው ባርኔጣ አውልቆ ቆመልህ። የየትም አገር መንግሥት ይሁን።

ልንመለስ ስንል ሾፌሩ ሁላችንም መኖራችንን ጠየቀ። እትዬ ብዙነሽ ወደ መስኮቱ እንኳን ሳያዩ «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ሁላችንም አለን፣ በሩን ዝጋ» አሉ። እሱ ከነእርጥብ ሱሪው መንገድ ዳር ቀረ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ኃጢአት ከሆነ ይሁን። በዚያ ሳምንት ሐሙስ ደግሞ ጉዳዩ ወደሚታይበት ቢሮ ሄድኩ። ጣልያንኛዬ አንካሳ ስለሆነ ግማሽ ፊቴን በመዳፌ ሸፍኜ ነበር የማስረዳቸው። የያዘው ታሪክ የማን እንደሆነ፣ እሱም በዚያ ታሪክ ውስጥ የቱ እንደነበር ተናገርኩ። ጻፉት፤ ፈረምኩ።

ይህን ሰምቶ ባለፈው እሑድ መጣ። ብቻውን አይደለም፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስቀድሞ ነው። ከሲኞራዬ ቤት ኋላ፣ ዕቃ በሚገባበት በር ቆሙ። አገር ቤት ደም ያለበት ሰው እንደሚያደርገው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ የሮም መንገድ የሚነጠፍበትን ጥቁር ድንጋይ፣ ከየት እንደነቀለው እንጃ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ፀዳልዬ፣ ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን። ያኔ ልጅ ነበር፣ ይቅር በይው» አሉኝ። «አባባ፣ እኔ ያነሳሁት ውሾ አይደለም። መኩሪያ ይባላል» አልኳቸው።

ከዚያ እሱ ራሱ ተናገረ። ከጓዶቹ ተጣልቶ እንደወጣ፣ ቃሌን ካላነሳሁለት ጣልያኖቹ ወደ አገር ቤት እንደሚመልሱት፣ ከመለሱት ጓዶቹ እንደሚገድሉት። አለቀሰ። እውነቱን ነው መኩሪያዬ፤ ይገድሉታል። ይሄን ሳላውቅ እንደፈረምኩ አድርጌ ላንተ መጻፍ አልችልም። እናቱም አሁንም በሕይወት አለች፣ አንተ ስትያዝ በአጥር ላይ ሆና ያለቀሰች እሷ ብቻ ነበረች። ይህ ሁሉ በልቤ አለፈ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱ ግን አልረሳም ነበር፣ የራሱ እስኪመስለው ድረስ ቃል በቃል ያስታውሰው ነበር። ልቤን የዘጋው ይሄ ነው።

ይቅር የሚል ሰው ሥርዓቱ ድንጋዩን «አውርድ» ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ይሄን ቃል ሲጠብቁ ቆሙ። አንገቱ ከድንጋዩ ሥር ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። የፎቁ ሰዎች ወጡ ገቡ፣ አንዲት አሮጊት ቆም ብላ አየችንና ሄደች። «ፀዳልዬ፣ አፍሽን ክፈቺ እንጂ» አሉኝ። እኔ በሩን ዘጋሁ።

የደሙ ባለቤት አንተ ነህ። ይቅር ማለት ካማረህ ወደፊት እዚያው ስትገናኙ ራስህ በለው፤ እኔ በስምህ የምምርበት አፍ የለኝም። ሰናይት ነፍስ ስታውቅ ስሙን ከስምህ ጋር እነግራታለሁ፤ የትኛው ጉንጭህ ተላጭቶ የትኛው እንደቀረ እጇን ይዤ በፊቴ ላይ አሳያታለሁ። እሷም ለልጇ ታሳይ። እኔ እስካለሁ ድረስ ደግሞ በሩ እንደተዘጋ ነው። ድንጋዩን አውርድ አላልኩትም።

ሚስትህ ፀዳለ
ሮም