ያልሰማሁት እንጨት

ለባለቤቴ ለሳሙኤል፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛ ዓመቱ ሊሞላ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልጻፍሁልህም፤ ሙት አያነብምና ወረቀት ማበላሸት ይሆናል ብዬ ነበር። አሁን ግን ለማንም ልነግረው ያልቻልሁት ፍርሃት ይዞኛል። በሕይወት ሳለህ ፍርሃቴን የምነግረው ላንተ ብቻ ስለ ነበር፣ ሌላ የምወስድበት ቦታ አላውቅም።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ምሕረት ተመልሳለች። አዲስ አበባ ያለውን ሥራዋን ሳትለቅ፣ እዚሁ ጂንካ ሆና ከቤት በኮምፒውተር እንድትሠራ አለቆቿ ፈቅደውላታል። አልፎ አልፎ ወደ ቱርሚ ወይም ወደ ካንጋተን ለመስክ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ብቻዬን እሰነብታለሁ። እንደ መጣች ቁርጡን ነገረችኝ፦ «እማዬ፣ ብቻሽን ጥዬሽ መሄድ እስከቻልሁ ድረስ እዚሁ እንኖራለን። ያልቻልሁ ቀን ቤቱን ሸጠን አዲስ አበባ እንገባለን፤ ያኔ እንዳትከራከሪኝ።» እሺ አልሁ። እሺ ያልሁት ግን አንድ ነገር ደብቄ ነው።

ጆሮዬ እየሄደ ነው፣ ሳሙኤል። ያወቅሁት አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ነው። ግቢው ውኃ ሞልቶ አየሁ። ያ ሁሉ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አድሮ እኔ ምንም አልሰማሁም። በዚያ ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲጀምር፣ መደማመጥ አቅቶን እስኪያባራ ወሬ እናቆም እንደ ነበር ታስታውሳለህ። ከዚያ ወዲህ ምሕረት ስታወራ ከንፈሯን አያለሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስታወራ ደግሞ በየመሀሉ «እህ» እላለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ፍርሃቱን ግን ወደ ቤት ያስገባው ጠረጴዛ ነው። ምሕረት አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጎብጣ ስትሠራ አየሁና ማለፍ አልቻልሁም። እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት ጀርባዋን ያጎበጠች ልጅ በማስመሪያ ትመታ ነበር፤ ጡረታ እስክወጣም በጽሕፈት መኪና ፊት የተቀመጥሁት ቀጥ ብዬ ነው። ያንተን ክፍል ቢሮ አድርጊው፣ ጠረጴዛም እኔ እመርጥልሻለሁ አልኋት። በየሱቁ ያሉትን አዳዲሶቹን ዞረን አየን። የተጨመቀ ሰጋቱራ ናቸው፤ እርጥበት ሲነካቸው ያብጣሉ። እሷም ብትሆን የምትፈልገው አሮጌ ነው፤ የዛሬ ልጆች አሮጌ ዕቃ መውደድ ጀምረዋል።

በገበያው በኩል አሮጌ የቢሮ ዕቃ እየገዛ የሚያድስ ወንድሙ የሚባል አናጢ አለ። ምላሱ ከመጋዙ ይፈጥናል። «አንቲክ ነው፣ እማማ» ሲለኝ፣ አንቲክስ እኔ ነኝ፣ ይሄ አሮጌ ጠረጴዛ ነው አልሁት። «እንግዲያው እርስዎ አጠገቡ ከቆሙ ዋጋው ሊጨምር ነዋ» አለ። ምሕረት ሳቀች፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ግን አልቀለድሁም። አንዱን ጉልበት አያስገባም ብዬ ጣልሁት፤ ሌላውን በሚስማር የተጠረቀመ ነው ብዬ። በመጨረሻ ያሳየኝ ልቤን ወሰደው። ገጹ ዋንዛ ነው። መሳቢያዎቹ ያለ ሚስማር፣ እንጨት በእንጨት ተቆላልፎ የተገጠሙ ናቸው። በቀኝ በኩል የጽሕፈት ቀለም ፈሶበት የቀረ ጥቁር ምልክት አለው፤ አንድ ሰው ዕድሜውን የሠራበት ይመስላል። ቁመቱን በክንዴ ለካሁ፤ ሆዱን በነጭ መሐረብ ጠረግሁ። አንድ ነገር ብቻ አላማረኝም፦ እግሮቹ ዋንዛ እንዲመስሉ የተቀቡ ዝግባ ናቸው። ዝግባን ነቀዝ እንደሚወደው አንተ ነህ የነገርኸኝ። ስለዚህ ማንኳኳት ነበረብኝ።

ማንኳኳትንም ያስተማርኸኝ አንተው ነህ። ያ ገዘር ከተማ የተጠራንበት ሰርግ ትዝ ይልሃል? ሽማግሌዎቹ እኩል ሲቀመጡበት አግዳሚው ተሰብሮ ሁሉም መሬት ላይ ተዘረሩ፤ ከቀለሙ ሥር እንጨት የሚባል ነገር አልነበረም። ድንኳኑ ሁሉ ሲስቅ አንተ ስባሪውን ይዘህ ታገላብጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰው ቤት እንኳ ሳታንኳኳ መቀመጥ ተውህ። ዘመዶችህ «ሳሙኤል በሩን ትቶ ወንበር ያንኳኳል» እያሉ ሲቀልዱብህ እኔ በሐፍረት እሸማቀቅ ነበር። ይህን ቤት መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ስትሠራ ግን ማገሩንና የጣራውን ወራጅ አንድ በአንድ እያንኳኳህ አሰማኸኝ። ጤነኛው አጭርና ሙሉ ድምፅ አለው፤ የተበላው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። የጽሕፈት መኪናዬን ደወል የለመደ ጆሮዬ ከአንተ ቀድሞ ይለይ ጀመር። አንተም በዚህ ትኮራ ነበር።

ወንድሙ «ይምቱት፣ እማማ፣ አይፍሩት» አለኝ። ምሕረት ደግሞ «እሷ ካለችው አልወጣም» አለችው። አንኳኳሁ። ጣቴ እንጨቱን ሲነካው ታወቀኝ፣ ድምፁ ግን አልመጣም። ጎን ያለው መጋዝ እየሠራ ይሆናል ብዬ ዞር ብል፣ መጋዙ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። አጥብቄ ደገምሁ። ምንም። ሁለቱም ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ። አልሰማሁም ብል ቤትህ በዚያች ቅጽበት ተሸጠ፤ መቃብርህም በእግሬ ከምደርስበት ራቀ። «ደኅና ነው» አልሁ። ስለማላውቀው ነገር አውቃለሁ ብዬ በስሜ አጸናሁት።

ጠረጴዛው መጣ፤ በመስኮቱ ሥር አቆምነው። ምሕረት በጣም ተደሰተች፤ በስክሪን ለምታነጋግራቸው ሁሉ «እናቴ የመረጠችው» እያለች ታሳያለች። ይህን ስትል ከንፈሯን ባላነበብሁ እያልሁ እመኛለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወለሉን ስጠርግ፣ በኋለኛው እግር ሥር ቢጫ ዱቄት አየሁ። የበቆሎ ዱቄት ይመስላል፤ በጣቴ ሳሸው ግን እንጨት እንጨት ይሸታል። ምሕረት ሳትነሣ በእርጥብ ጨርቅ አነሣሁት። በማግስቱ ተመልሶ አለ። ላምባ በዶሮ ላባ ቀባሁት። ሽታው ምንድን ነው ስትለኝ፣ መብራት ሲጠፋ የምለኩሰው ኩራዝ ፈሶ ነው አልኋት። አየህ፣ ለውሸቴ ጠባቂ ሌላ ውሸት ቀጠርሁ። አሁን እያንዳንዱን ጠዋት በፍርሃት እጀምራለሁ። መጥረጊያዬን ይዤ ስገባ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። ከዚያ ቀና ብዬ ያንተን ወራጆች አያለሁ። ነቀዙ እግሩን ሲጨርስ ወዴት እንደሚሄድ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም።

ምሕረት ከትናንት ጀምሮ ቱርሚ ናት። ዛሬ ጠዋት የእግሩን ድምፅ ለመስማት ያላደረግሁት ነገር አልነበረም፤ በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ ጉንጬን ገጹ ላይ አስተኛሁና በእጄ እግሩን መታሁ። ሰማሁት። በጆሮዬ ሳይሆን በመንጋጋዬ አጥንት በኩል መጣ። ቅል ነው፣ ሳሙኤል፤ ባዶ ቅል። ከዚያ ዋንዛውን መታሁ፤ እሱ ሙሉ ነው። እግሮቹ ግን አልቀዋል። ጉንጬን ሳላነሣ ብዙ ቆየሁ። ጆሮዬም እንጨቱም ያለቁ መሆናቸውን ባንድ ጊዜ ማወቅ ለአሮጊት ከባድ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ ፍርሃቱ ግን አልቀነሰም። ከቤትህ ላለመውጣት ዝም ብል፣ ቤትህን ከላዬ ላይ አስበላለሁ። ብናገር ቤቱ ይተርፋል፤ የምትቀመጥበት ግን እኔ ላልሆን እችላለሁ። ጎረቤት ጠርቼ ጠረጴዛውን ወደ ግቢ አስወጣሁት፤ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ነገ ምሕረት በሩን ስትገፋ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ለምን ወጣ ትለኛለች፤ ከንፈሯን አያለሁ፤ ሳንኳኳው ድምፁን አልሰማሁም ነበር እላታለሁ። ዝናቡንም እነግራታለሁ። ከዚያ ወዲያ የምትለውን አላውቅም፤ የምፈራውም እሱን ነው።

እዚሁ ተቀመጪ ካለችኝ፣ እሑድ መጥቼ መቃብርህ ላይ የበቀለውን አረም እነቅላለሁ። አዲስ አበባ ከወሰደችኝም እሄዳለሁ፤ በገባሁት ቃል አልከራከርም። እዚያ ፎቅ ላይ ሆኜ መቃብርህ የቱ ጋ እንዳለ፣ ጠዋት ጥላው በየት በኩል እንደሚወድቅበት አልረሳም። ድምፅህንም ቢሆን ከሞትህ ወዲህ በዚህ ጆሮ ሰምቼው አላውቅም፤ ስለዚህ ጆሮዬ ሲሄድ አብሮት አይሄድብኝም። እየፈራሁም ቢሆን አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ